ስድስት እሑድ ከኋላ ወንበር

ሐኪሙ ጉሮሮዬን በካሜራ አይቶ ሲጨርስ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና «አስተማሪ ነሽ ወይስ ዘማሪ?» አለኝ። ዘማሪ ነኝ አልኩት። የድምፅ አውታሮቼ ላይ ሁለት ትንንሽ እባጮች ወጥተዋል፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ፣ ፊት ለፊት ተያይተው። ድምፃቸውን ያለ ዕረፍት በኃይል የሚጠቀሙ ሰዎች ላይ የሚወጣ ነገር ነው፤ አስተማሪዎች፣ ሰባኪዎች፣ ገበያ ውስጥ እየጮኹ የሚሸጡ ሰዎች። አትፍሪ፣ ክፉ በሽታ አይደለም አለኝ። ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ በሙሉ ዝም፣ ሹክሹክታ እንኳን ክልክል። ከዚያ አምስት ሳምንት በልክ መናገር ይቻላል፣ መዘመር ግን የለም።

ሐዋሳ ውስጥ አንዲት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለ11 ዓመት አምልኮ መርቻለሁ። እሑድ ጠዋት ማይክ ሳልይዝ የቀረሁበት ቀን ጥቂት ነው። ስድስት እሑድ ዝም በዪ መባል ከበደኝ። ከክሊኒኩ ወጥቼ ባጃጅ ሳልይዝ እስከ ሐይቅ ዳር በእግሬ ሄድኩ። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ዳር ላይ ቆመው ነበር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን እየጎተቱ ነበር፣ እኔም ውሃውን እያየሁ ድምፅ ሳላወጣ አለቀስኩ።

ሕመሙ አሁን ድኗል፣ ተመስገን። የምጽፈው በእነዚያ ስድስት እሑዶች ከኋላ ወንበር ሆኜ ስላየሁት ነገር ነው።

የመጀመሪያው እሑድ በሩ አጠገብ፣ ከአስተናጋጆቹ ጎን፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ብቀመጥ ሰው ያናግረኛል ብዬ ነው። አምልኮው ተጀመረ። ባንዱ ጥሩ ነበር፣ መሪዋም ጥሩ ነበረች፣ እኔ ራሴ ያሠለጠንኳት ልጅ ናት። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ዘወር ዘወር ብዬ ማየት ጀመርኩ። መዘመር ስለማልችል ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። ሰው ቆሟል። እጁን አንሥቷል። ያጨበጭባል። አፉ ግን አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ከዚያ ከፊቴ ያሉትን አራት ረድፎች በጣቴ ቆጠርኩ፤ 38 ሰው ነበር። ሦስተኛው መዝሙር ላይ አፋቸው የሚንቀሳቀሰው ዘጠኝ ነበሩ።

ይህ ለምን እንዳስደነገጠኝ ልንገራችሁ። መድረክ ላይ ስትቆሙ መብራቱ ፊታችሁ ላይ ነው፣ ሞኒተሩ እግራችሁ ሥር ሆኖ የራሳችሁን ድምፅና የተቀባዮቹን ድምፅ መልሶ ይሰጣችኋል። የፊተኛዎቹ ሁለት ረድፎች ይታያሉ፣ እነሱም ብዙ ጊዜ የአገልጋይ ቤተሰቦችና ወጣቶች ናቸው፣ መዝሙሩን ያውቁታል። ስለዚህ አዳራሹ በሙሉ የሚዘምር ይመስላል። ለ11 ዓመት እንደዚያ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ሰው ቀዝቀዝ ያለ ሲመስለኝ ደግሞ «ዛሬ ምን ሆናችኋል? ድምፃችሁን ለጌታ አሰሙ!» እል ነበር። ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩት እግዚአብሔር ያውቃል። ለእነዚያ ሰዎች ይቅርታ መጠየቅ እፈልጋለሁ፣ አንዳንዶቹን በግል ጠይቄያለሁ፣ ለቀሩት ይህ ጽሑፍ ይድረሳቸው።

ሰዎቹ ያልዘመሩት ልባቸው ስለቀዘቀዘ አልነበረም። የመረጥንላቸውን መዝሙር መዘመር አይችሉም ነበር።

አንደኛው ነገር ኪው ነው፣ መዝሙሩ የሚዘመርበት የድምፅ ከፍታ ማለት ነው። ዘማሪ ስቱዲዮ ሲገባ መዝሙሩን ለራሱ ድምፅ በሚያምርበት ኪ ይቀዳዋል። ተገቢ ነው፣ የእሱ አልበም ነው። እኛ ግን መዝሙሩን ከስልክ ላይ ሰምተን፣ ኪቦርዲስቱ ኪውን በጆሮው ይዞ፣ እሑድ ያንኑ እንዳለ አዳራሽ ውስጥ እናወጣዋለን። ልምምድ ያላደረገ ሰው ሳይጨነቅ የሚዘምርበት ስፋት ከአንድ ኦክቴቭ፣ ማለትም ከዶ እስከ ላይኛው ዶ፣ ብዙም አያልፍም። የአንዳንዱ አልበም መዝሙር ግን አንድ ኦክቴቭ ተኩል ይሄዳል፣ አዝማቹ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚወጣው ቦታ ላይ ነው። በሥራ የደከመ፣ ጠዋት ተነሥቶ ሻይ ብቻ ጠጥቶ የመጣ አባት እዚያ ኖት ላይ እንዴት ይደርሳል? አንድ ጊዜ ይሞክራል፣ ድምፁ ይሰበራል፣ ያፍራል፣ ዝም ይላል። የጎረቤቱን ዝምታ ያየው ደግሞ እሱም ዝም ይላል። እኔም ያንኑ ኖት በየሳምንቱ በኃይል ስገፋው ነው ጉሮሮዬ የቆሰለው። እኔን ያመመኝና እነሱን ዝም ያሰኛቸው አንድ ነገር ነው።

መፍትሔው ኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ትራንስፖዙን፣ ኪውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማለት ነው፣ ማይነስ ሁለት፣ ማይነስ ሦስት ማድረግ። ይህን ስል ሙዚቀኞቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ ምክንያቱም መዝሙሩ ሲወርድ «ሞቅታው ይጠፋል»፣ ዘማሪውም እንደ አልበሙ አያምርም። እውነት ነው፣ አያምርም። የአዳራሹ ድምፅ ግን ይወጣል።

ሁለተኛው ነገር ጩኸቱ ነው። ሦስተኛው እሑድ ላይ ለሳውንድ ልጁ ማስታወሻ ጽፌ ሰጠሁት፣ እስኪ ከኋላ ሆነህ በስልክህ ለካው ብዬ። የስልክ አፕ ልክ ላይሆን ይችላል፣ ግን 100 ዴሲቤል አካባቢ ይል ነበር። የጆሮ ጤና ባለሙያዎች የሚሉት፣ ጆሮ ለ8 ሰዓት ሊችለው የሚገባው 85 ዴሲቤል አካባቢ ነው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የእኛ አምልኮ 45 ደቂቃ ነው። ሕፃናት ስፒከሩ አጠገብ ይጫወታሉ። ጆሮውን እንተወው፣ ሰው የራሱን ድምፅና የጎረቤቱን ድምፅ ካልሰማ ለምን ይዘምራል? መዘመሩም አለመዘመሩም ለውጥ የለውም። ኮንሰርት እንደሚያይ ሰው ቆሞ ያያል።

ሦስተኛው አዲስ መዝሙር ነው። የዓመቱን ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ቆጠርኩ፤ በ52 እሑዶች 57 አዲስ መዝሙር አስተዋውቀናል። ሰው አንዱን ሊይዝ ሲል ሌላ እንሰጠዋለን። ያየሁት ጊዜ ራሴን ያዝኩ።

አራተኛው እሑድ ላይ አንድ ጋሼ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ በወጣትነታቸው በመዘምራን ያገለገሉ። ያኔ በዝግታ መናገር ተፈቅዶልኝ ነበር፣ ሆኖም ከፕሮግራሙ በኋላ ብዙውን እሳቸው አወሩ። በደርግ ጊዜ ናዝሬት፣ ማለትም የዛሬዋ አዳማ፣ ይኖሩ ነበር። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ፣ አዳራሹም ንብረቱም ሲወረስ፣ ምእመናኑ በየቤቱ አምስት ስድስት እየሆኑ መሰብሰብ ጀመሩ። ከዚያ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ቤተ ክርስቲያኒቱ በየሳሎኑና በየጓዳው ውስጥ ነበረች፣ ስትወጣ ከገባችበት በብዙ እጥፍ አድጋ ነው የወጣችው። ይህን ታሪክ ሰምቼዋለሁ፣ ስለ መዝሙሩ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«መስኮት ተዘግቶ ነው ልጄ» አሉኝ። «አኮርዲዮን የለ፣ ጊታር የለ። ድምፃችን ከክፍሏ እንዳይወጣ አፋችንን ከፈት አድርገን በትንፋሽ ነው የምንዘምረው። ወረቀት አይያዝም፣ ፍተሻ አለ። ስለዚህ ያን ጊዜ የዘመርነው በቃላችን የያዝነውን ብቻ ነው። የሚከብደው ሁሉ ቀረ። የቀረልን ሦስት አራት ሰው በትንፋሽ ሲለው የሚያምረው ነው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ መዝሙር የምመርጥበት መንገድ ተለወጠ። አዲስ መዝሙር ሲመጣልኝ አሁን ቤቴ ውስጥ ባሌንና ሁለቱን ልጆቼን አስቀምጬ ያለ ምንም መሣሪያ በዝግታ እንዘምረዋለን። ኢንትሮው ሲወገድ፣ ድራሙ ሲወገድ፣ የጊታሩ ሶሎ ሲወገድ የሚቀር ዜማ አለው ወይ? ከሁለት ዙር በኋላ የሰባት ዓመቷ ልጄ አዝማቹን ትይዘዋለች ወይ? ካልያዘችው ጥሩ መዝሙር ሊሆን ይችላል፣ ዘማሪው ራሱ በሶሎ ያገልግልበት፤ ለጉባኤ ግን አይሆንም። ይህ ልዩነት ቀላል ነው፣ ሰው ግን ሲረሳው አያለሁ። ለመስማት የተሠራ መዝሙር አለ፣ አብሮ ለመዘመር የተሠራ መዝሙር አለ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ቦታቸው ግን ለየቅል ነው።

ስለ ዜማው ጉዳይም ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። «ይሄ መዝሙር ዘፈን ይመስላል» የሚል አቤቱታ በየጊዜው ይመጣል። ችክችካ ምት ሲገባ ይመጣል፣ ክራር ሲገባ ይመጣል። እኔ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶቻችን የመጠጥ ቤት ንብረት ናቸው ብዬ አላምንም። የሕዝቡ ጆሮ ናቸው። እናቶቻችን ሲያስተኙን ያንጎራጎሩልን በእነሱ ነው። አባቶቻችን ቅዱስ ነው ብለው የያዙት አኮርዲዮንም ከአውሮፓ የጭፈራ ቤት አልፎ ነው የመጣው። ግን አቤቱታ አቅራቢዎቹ የያዙት አንድ እውነት አለ፣ እሱን መስማት ይገባል። አንድ ዜማ ከአንድ የታወቀ ዘፈን እንዳለ ከተቀዳ፣ ሰው ቃሉን እየዘመረ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አንዴ አንድ ፈጣን መዝሙር ስንጀምር ወጣቶቹ እርስ በእርስ ሲተያዩና ሲስቁ አየሁ። ለካ ዜማው ሠርግ ላይ የሚጨፈርበት ነው። እኔ አላውቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ መዝሙሩን ከማስገባቴ በፊት ወጣቶቹን እጠይቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ስለ ድሮው ያውቃሉ፣ ስለ ዘንድሮው የሚያውቁት ልጆቹ ናቸው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

የዝምታዬ ሳምንታት ከዐቢይ ጾም ጋር ተገጣጥመው ነበር። ጎረቤቴ የኦርቶዶክስ አማኝ ናቸው፣ እትዬ እላቸዋለሁ፣ ቡና ይጠሩኛል፣ እኔ ዝም ብዬ እጠጣለሁ እሳቸው ያወራሉ። አንድ ቀን ጠዋት ከገብርኤል ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺም እንደ ከበሮው ሆንሽ። በጾሙ እሱም ዝም ነው።» እንዲያስረዱኝ በእጄ ጠየቅኳቸው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣል፣ የሚቆመው ጾመ ድጓ የሚባለው የጾሙ ዜማ ነው፣ ዜማው ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ፋሲካ ሲደርስ ከበሮው ይመለሳል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ሲወርድ በመጣው ሥርዓት ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የሚባሉ ሦስት የዜማ ስልቶች አሉ፣ ለየጊዜውም የተወሰነ ዜማ አለ። ማለትም እዚያ ቤት ዛሬ ምን ይዘመር የሚለውን ጥያቄ አንድ መሪ ቅዳሜ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንደ ስሜቱ አይወስነውም። የሐዘን ጊዜ በዓመቱ ውስጥ ቦታ ተሰጥቶታል። ሰው ቢያዝንም ባያዝንም ያ ጊዜ ይመጣል።

ቤቴ ገብቼ የእኛን ዝርዝር ገለበጥኩ። ከ57ቱ አዲስ መዝሙሮች ውስጥ የሐዘን የሚባል አንድ እንኳን አጣሁ። ሁሉም ድል ነው፣ ሁሉም ተሻገርኩ ነው፣ ሁሉም ተከፈተልኝ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ካሉት 150 መዝሙራት ግን ሲሶ ያህሉ ለቅሶና አቤቱታ ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው መዝሙር 13 ለጉባኤ የተሰጠ መዝሙር ነው፣ ለመዘምራን አለቃ ተብሎ። መዝሙር 88 ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፣ መጨረሻው ላይ እንኳን ወደ ምስጋና አይዞርም። እነዚህን ያስገባቸው ማን ነው? ማንም እንዳያወጣቸው ተደርገው ነው የገቡት። እኛ ግን አውጥተናቸዋል።

አምስተኛው እሑድ ላይ ከፊቴ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። የጥቁር ሻሻቸውን ጫፍ አሁንም አየዋለሁ። ልጃቸውን ከቀበሩ ገና ሁለት ሳምንታቸው ነው፣ እዚያ ቀብር ላይ እኔም ነበርኩ። አምልኮው በፈጣን መዝሙር ተከፈተ፣ «ደስ ይበላችሁ፣ ጨፍሩ» ተባለ። እናትየው ከሰው ጋር አብረው ተነሡ። ማጨብጨብ ጀመሩ። ሁለት ጊዜ አጨበጨቡና እጃቸው አየር ላይ ቆመ፣ እንደዚያው ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቁጭ አሉ። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ «እማዬ፣ ደክሞዎት ነው?» አላቸው። አዎ አሉት። ምሳሌ 25፥20 ላይ፣ ላዘነ ልብ መዘመር በብርድ ቀን ልብስ እንደ መግፈፍ ነው የሚል ቃል አለ። ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያን ቀን አየሁት። ልብሱን የገፈፍነው እኛ ነን፣ ዝርዝሩን ላለፉት ዓመታት ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሰው ሁሉ አብሯቸው ያልቅስ እያልኩ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ በዚያው ዕለት ሠርጓ የደረሰ ልጅም ነበረች፣ ከበሽታ የተነሣም ነበረ። ጳውሎስ ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ ብሎ ሲያበቃ ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ ይላል፣ በአንድ ቁጥር ውስጥ። አራት መዝሙር ካለን ቢያንስ አንዱ ያቺ እናት ሳይዋሹ ሊሉት የሚችሉት ይሁን። እኔ የምለው ይህን ያህል ነው።

ሳይዋሹ ያልኩት ቃል ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ሰኔ 2010 ላይ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን፣ ከተማችን ውስጥ ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። የሐዋሳ ሰው ያስታውሰዋል፣ ዝርዝሩን መድገም አልፈልግም። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ከምባታው በአንድ አግዳሚ ነው የሚቀመጠው። ለዚያ እሑድ ያወጣሁት ዝርዝር ከግጭቱ በፊት የተሠራ ነበር፣ ሁለተኛው መዝሙር ጠላቴ አፈረ፣ ጠላቴ ወደቀ የሚል ነው። እንደዚህ ዓይነት መዝሙር ስንት እንዳለን ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ማታ አንድ ሽማግሌ ደወሉልኝ። «እህቴ፣ ነገ ጠላቴ ስንል እያንዳንዱ ሰው ማንን ነው የሚያስበው?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

መጋደላችን ከደምና ከሥጋ ጋር አይደለም የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠላት ስንል ሰይጣን ማለታችን ነው ብዬ ልከራከር እችል ነበር። ግን መዝሙር አፍ ውስጥ ሲገባ ትርጓሜ ይዞ አይገባም፣ የሰውየው ልብ ውስጥ ካለው ጋር ይገናኛል። ያን ሳምንት በልባችን ውስጥ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። መዝሙሩን አወጣነው፣ ሌሎቹንም አወጣናቸው። «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን የመዝሙር 51 ቃል ብቻ ይዘን፣ በጣም ቀላል ዜማ ሰጥተነው፣ ማረኝን ማረን አድርገነው፣ ሃያ ደቂቃ ያህል እሱኑ ዘመርን። ኪቦርዱ አንድ ኮርድ ይዞ ነበር። ወንዶች ሲያለቅሱ ሰማሁ። ከአሥራ አንዱ ዓመት ውስጥ ሰው ሁሉ መዘመሩን በእርግጠኝነት የማውቀው ያን እሑድ ነው፣ ግን ያኔ ለምን እንደሆነ ልብ አላልኩትም። ከዓመታት በኋላ ድምፄን አጥቼ ስቀመጥ ነው የገባኝ። ዜማው ዝቅ ያለ ነበር፣ ቃሉ አጭር ነበር፣ ማንም ሳይዋሽ የሚለው ነበር።

ስለ ቋንቋም አለ። አያቴ ከአለታ ወንዶ ለሕክምና መጥታ እኛ ዘንድ ሰንብታ ነበር። አማርኛ ትሰማለች፣ ግን ጸሎቷ በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳምኛ፣ ነው። ገጠር ባለችው ቤተ ክርስቲያኗ አንድ ሰው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ መጽሐፍም ፕሮጀክተርም አያስፈልግም። ይህ ተቀባብሎ መዘመር የደቡብ ሰው የቆየ ሀብት ነው። ወላይታ ሶዶ የነበሩት ሚስዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ሲያስወጣቸው የተዉት የተጠመቀ አማኝ 48 ብቻ ነበር፣ ሲመለሱ ግን በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጠበቃቸው። አብዛኛው ፊደል ያልቆጠረ ነው። ቃሉን ይዞት የቆየው በምን ይመስላችኋል? ከያዙት ነገሮች አንዱ ይኸው ተቀባይ ያለው መዝሙር ነው።

አያቴ እኛ ዘንድ ሦስት እሑድ መጣች። እንዴት ነበር ስላት «ጥሩ ነው፣ ልጆቹ ይዘምራሉ» አለችኝ። ልጆቹ ይዘምራሉ። እኔ ዘመርኩ አላለችም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች፣ ያልገባው ሰው እንዴት ብሎ አሜን ይላል ብሎ የጠየቀው ይህንኑ ነው። እኛ የአማርኛ ፕሮግራም ነው ያለን፣ የሲዳምኛው ለብቻው ነው፣ ይህ መለወጥ አለበት አልልም። ግን በአማርኛው ፕሮግራም ውስጥ አንድ አጭር የሲዳምኛ አዝማች ማስገባት ማንን ይጎዳል? ወላይትኛም እንዲሁ። አማርኛ ተናጋሪው በሦስት ዙር ይይዘዋል። አሁን በወር አንድ ጊዜ እንደዚያ እናደርጋለን፣ ሰውም ወዶታል፤ ጥቂቶች ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ፣ ከእነሱም ጋር እየተነጋገርን ነው።

በሰባተኛው እሑድ ወደ መድረክ ተመለስኩ። ድምፄ ሙሉ አልነበረም፣ ሐኪሙም ከላይኛው ኖት ራቂ ብሎኛል። ኪቦርዲስቱን «ማይነስ ሦስት» አልኩት። ቅር እያለው ተጫነው። የሳውንድ ልጁ ሞኒተሬን ዝቅ አደረገው። ከአራቱ መዝሙሮች ሦስቱ ሰው ለዓመታት የሚያውቃቸው ነበሩ። ሁለተኛው መዝሙር ላይ አፌን ዘጋሁና ለባንዱ በእጄ ምልክት ሰጠሁ፣ ቆሙ። አዳራሹ ቀጠለ። ከኋላ በኩል ወፍራም የወንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ዘግይቶ የሚገባ፣ ትንሽ ከዜማው የወጣ። ማን እንደሆነ አላወቅኩም። በ11 ዓመት ውስጥ ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። ወጣቶቹ አዲስ መዝሙር ቀነሰብን ይላሉ፣ ልክ ናቸው፣ በወር አንድ ነው የማስገባው፣ ገብቶም አራት እሑድ ይደገማል። አንዳንድ ጊዜ ኪውን ከመጠን በላይ አውርጄ መዝሙሩን ገድዬዋለሁ። የሐዘን መዝሙር ደግሞ አሁንም የለንም። የሚጽፈው ሰው ጥቂት ነው፣ የተጻፈውም ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርስ ወደ ድል ይሮጣል።

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ማታ ልምምድ አለ። የእሑዱ ዝርዝር ደብተሬ ላይ ተጽፏል፣ ሦስት መዝሙር። አራተኛው ቦታ ባዶ ነው። አቶቴ አካባቢ ለቅሶ ቤት አለ፣ የሞቱት የምእመናችን አባት ናቸው፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ አሮጊቶቹ ተሰብስበው በዝግታ የሚሉት አንድ ዜማ እንዳለ ሰምቻለሁ። ከድንኳኑ ሥር ቁጭ ብዬ ልስማው ነው የምሄደው። ስልኬን አላወጣም፣ በቃሌ ነው የምይዘው።